ከጀርባው ብቻ የሚታየው ሰው

በስድሳ ስድስት ዓመቴ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ክፍል ውስጥ የምቀመጠው ከፊት ነው፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነም፣ መምህራችን የምትለው አንዱም እንዳያመልጠኝ ስለምፈልግም ነው። ባለፈው ወር ስለሠራችሁት ሥራ ጻፉ ብላ አዘዘችን። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ሥራ የሚሉት አንድ ሰመር አይስክሬም መሸጥን ነው። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመት የሰው ገላ ሳጥብ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። በእንግሊዝኛ ብጀምረው አልሄድ ስላለኝ መምህሬን አማከርኳት። "መጀመሪያ በምታስቢበት ቋንቋ ጻፊው፤ ከዚያ ትመልሺዋለሽ" አለችኝ። እንዳዘዘችኝ አደረግሁ።

በሥራዬ የሰው ቤት ምስጢር መጠበቅ ሕግ ነው። ስለዚህ የሰዎቹን ስም ሁሉ ለውጫለሁ። አንድ ስም ብቻ እንዳለ ትቻለሁ። እሱን ለመጻፍ ሁለት ሰዎችን ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ አንዷ ወዲያው ፈቀዱልኝ። ሁለተኛዋ የመለሰችልኝን በቦታው እጽፈዋለሁ።

ዳላስ የገባሁት በዲቪ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ግራንድ ፕሬሪ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ አድራሻ እየለጠፍኩ ነበር። ስምንት ወር እንደቆየሁ ወገቤ እምቢ አለ። ያኔ አብራኝ ትኖር የነበረች ልጅ አዲሰን ወደሚገኝ የአዛውንቶች መጦሪያ ወሰደችኝ። አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ትንሽ ቤት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የጥርስ ሐኪም ቢሮ ይመስላል። የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። ክፍያው ከመጋዘኑ ትንሽ ያንሳል። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እዚያ ያገኘኋቸው እትዬ ለተብርሃን ናቸው።

እትዬ ለተብርሃን ከመቀሌ በሱዳን በኩል የመጡ፣ አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የገላ ጨርቁን አርጥቤ ቀጥታ ወደ አንድ ሽማግሌ ፊት ስሄድ እጄን ቀብ አደረጉት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላጥባቸው ነዋ፣ እትዬ።"

"አንቺ ተኝተሽ ሳለ የማታውቂው ሰው እርጥብ ጨርቅ ፊትሽ ላይ ቢጥልብሽ ምን ትሆኛለሽ?"

"እጮኻለሁ።"

"እሱ መጮህ ስለማይችል ነዋ የደፈርሽው!"

እሳቸው የሚያደርጉት እንዲህ ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ ደፍ ላይ ይቆማሉ፤ አይገቡም። "ማን ብዬ ልጥራዎት?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው መናገር የተሳነው እንኳን ቢሆን ጠይቀው መልሱን ይጠብቃሉ። ከዚያ የተባሉትን ስም ነጭ የቁስል ፕላስተር ላይ ጽፈው ራስጌው ላይ ይለጥፉታል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም አያገባቸውም። አንድ ጡረተኛ ዳኛ "ማንም ብለሽ አትጥሪኝ" ቢሏቸው ባዶ ፕላስተር ቆርጠው ለጠፉላቸው። ዳኛው ያንን ባዶ ፕላስተር ለጠያቂ ሁሉ እያሳዩ ሲስቁ ኖረው ሞቱ።

ማጠብ የሚጀምሩት ከእጅ ነው። ጨርቁ ሳይነካው በፊት የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የራሳቸው ሙቀት ወደ እሱ እስኪያልፍ ዝም ይላሉ። "እጅ ሰው ሲሠራ የኖረውን ይነግርሻል፤ ፊት ግን የፈለገውን ያወራል" ይሉኝ ነበር። ከእጅ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ደረት፣ ፊት በመጨረሻ፣ በአዲስ ጨርቅ። ሥልጠናው የሚለው ተቃራኒውን ስለሆነ ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ከፊት እንጀምራለን፤ መኪናዋ ስትወጣ ወደ እጅ እንመለሳለን። ተረከዝን በመዳፍ ሳይሆን በእጅ ጀርባ መዳሰስን፣ በጉልበቶች መሃል ትራስ ማስገባትን፣ አንሶላ ላይ አንዲት ሽብሽብ አለመተውን ከእሳቸው ተማርኩ። "ሽብሽቧ ለአንቺ ጨርቅ ናት፤ ለእሱ ቢላ ናት።"

ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ፣ መጦሪያው ሲዘጋ፣ ቤት ለቤት ወደሚልክ ኤጀንሲ ገባሁ። አለቃዬ በስልክ ብቻ የማውቃት ሴት ነበረች፤ በሰው ፊት ሁለት ጊዜ ብቻ አግኝቻታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስሜን ተሳስታለች። ብዙ ቤት ገባሁ። ከሁሉ የማልረሳው የአውሮፕላን አብራሪ የነበሩ አንድ ሰው ናቸው። ቀበቶ ካልታሰርኩ ብለው እንቅልፍ እምቢ ይሉ ነበር። የአሮጌ መኪና ቀበቶ አምጥቼ ብርድ ልብሱ ላይ ሳስቀምጥላቸው ግን ወዲያው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ትዳራቸውንና ልጆቻቸውን ረስተዋል፤ ቀበቶውን ግን አልረሱም። ያኔ ሥራ ከሰው ገላ እንደማይወጣ አወቅሁ። አወቅሁ ማለቴ፣ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ቤቴ ፕሌኖ ነበር። ሰፊ የጡብ ቤት፣ የተስተካከለ ሣር፣ ሰው የማይታይበት መንገድ። በጠራራ ፀሐይ እንኳን የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። በሩን የከፈተችልኝ የሽማግሌው ልጅ ግሬስ ናት፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ቀኑን ሙሉ ኦፊስ የምትውል ሴት። አባትና ልጅ የመጡት ከፊሊፒንስ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣

"አባቴን ሁሉም ሰው ገቨርነር ነው የሚለው" አለችኝ። "አንቺም እንደዚያ በይው።"

"ኦኬ" አልኩ። ፕላስተሬን አውጥቼ "ገቨርነር" ብዬ ጻፍኩና ራስጌያቸው ላይ ለጠፍኩት።

ማን ብዬ ልጥራዎት ብዬ አልጠየቅሁም። በሥራ ዘመኔ ሳልጠይቅ የለጠፍኩት እሱን ብቻ ነው። ልጅቱን ደስ ላሰኝ ፈልጌ ነበር።

ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው። ግሬስ ቆማ ታሪኩን ነገረችኝ። አባቷ የፊልም ተዋናይ ነበሩ፤ ድሃ የሚበድለውን ባለመሬት በቡጢ የሚቀጡ፣ በጥይት ተመተው ወድቀው የሚነሱ ጀግና። አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው በሸራ ላይ ብቻ ለድሃ መሟገት በቃኝ ብለው ለክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪነት፣ ማለትም ለገቨርነርነት፣ ተወዳደሩ። ገበሬው ፖስተራቸውን ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ ሰቀለ።

"በአንድ ቀን ሁለት ከተማ ላይ ይታይ ነበር" አለች። "አንዱ ጋ ንግግር ሲያደርግ ሌላው ጋ መኪና ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"ምትክ ነበረው። ፊልም ላይ ከጣሪያ የሚዘልለት፣ እሳት ውስጥ የሚገባለት ሰው። ቁመታቸው አንድ፣ አረማመዳቸው አንድ፣ ፊታቸውም የወንድማማች ያህል። ከጀርባ ሲታይ እናቴ እንኳን አትለየውም ነበር።" አንዱን ፎቶ አቃናች። "ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ። አባቴ በጣም ስላዘነ ከዚያ ወዲያ ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም። ሕዝቡ ዝምታውን ወደደለት። ሁለት ጊዜ መረጠው።"

በማግስቱ ገቨርነሩን ሳጥብ፣ እንደተማርኩት ከእጅ ጀመርኩ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። የትከሻቸው አጥንት ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ ነው። ጀርባቸው ላይ ከአንገት እስከ ወገብ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ቆዳው እንደ ቀለጠ ሻማ ረግቷል። ግሬስን ብጠይቃት "ፊልም ላይ ነው" ብላ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። እትዬ ለተብርሃን ቢሆኑ ያን ቀን በገባቸው ነበር። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ፊት አመንኩ።

ከምሳ በኋላ የድሮ ፊልሞቻቸውን እከፍትላቸዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። የጀግናው ፊት በስክሪኑ ላይ ሲሞላ ገቨርነሩ ዓይናቸውን ይከድናሉ። ጀግናው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ፣ ከጣሪያ ሲዘል፣ ከፈረስ ሲወድቅ ግን ከወንበሩ ቀና ይላሉ። ትንፋሻቸው ይቆማል። ትከሻቸው የስክሪኑ ሰው ከመዝለሉ በፊት ይዘላል። እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ከዚያ በኋላ እኔም ፊልሙን ትቼ ትከሻቸውን መመልከት ጀመርኩ። አንድ ቀን ጀግናው በግራ እጁ ሽጉጥ ሲያወጣ እጁ ጎልቶ ታየ። አምስቱም ጣቶች ሙሉ ናቸው። ኋላ ላይ ተቆርጦ ይሆናላ፣ አልኩና ዓይኔን መለስኩ።

በየቀኑ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ ጋ አቆማቸዋለሁ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው፣ ፈገግ ሳይሉ፣ ያውለበልባሉ። አውቶቡሱ ሄዶ ጎዳናው ባዶ ከሆነም በኋላ እጃቸው ይቀጥላል። ክንዳቸውን ይዤ ካላወረድኩት አይወርድም።

መጀመሪያ የወደቁ ቀን ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ሾርባ ይዤ ስመለስ ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል፤ አንድ እጅ ከሆድ ሥር፣ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ሽፋሽፍታቸው አይንቀሳቀስም። ሞተዋል ብዬ ጮህኩ። ሳያቸው ይተነፍሳሉ፤ ግን ልብሱን በማያንቀሳቅስ ትንፋሽ። አንድ ጭረት የለባቸውም። ብጠራቸው አይሰሙም። ግሬስን ኮል አደረግሁ።

"ካት በይው" አለችኝ።

"ምን ልበል?"

"ዝም ብለሽ ካት በይው! ስብሰባ ላይ ነኝ።"

ካት የፊልም አዘጋጅ ቀረጻውን ሲያቆም የሚጮኸው ቃል ነው። "ካት" አልኳቸው። ገቨርነሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ፣ ፈገግ አሉ፣ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ በአንድ ጉልበት ተነሱ። ቆመው ሲያበቁ መልሰው ሽማግሌ ሆኑ፤ ወንበሩ ድረስ ደግፌ ወሰድኳቸው። ከዚያ በኋላ በወር ሁለት ሦስቴ ይወድቃሉ። ሁልጊዜ ያለ ድምፅ፣ ሁልጊዜ ያለ ቁስል። ካት የሚል ሰው እስኪመጣ ወለሉ ላይ ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ልብስ ሳጥፍ ቆይቼ ምን ያህል እንደጠበቁኝ አላውቅም፤ ከሥራቸው ያለው ምንጣፍ ሞቆ ነበር።

ወደ አምስተኛው ወር ገደማ አንድ ጠዋት ጣቶቻቸውን ሳደርቅ የእጄን አንጓ ያዙት። መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ኢሲድሮ" አሉኝ። ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። "ስሜ።"

ጥፋቴ እዚህ ጋ ይጀምራል። እነሱ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ኤስድሮስ ደግሞ በእኛም የቅዱስ ስም ነው። ሽማግሌው ወደ በር አይተው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ሲነግሩኝ ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ የክርስትና ስማቸውን የሰጡኝ መሰለኝ። እናቴ የክርስትና ስሜን ለጎረቤት እንዳልናገር እየቆነጠጠች ነው ያሳደገችኝ። የክርስትና ስምሽን የሚፈልግ ሰው ወይ ሊጸልይልሽ ነው፣ ወይ ሊደግምብሽ ነው ትለኝ ነበር። ሽማግሌው ስላመኑኝ ልቤ ተነካ። ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም፣ ለግሬስ አልነገርኩም፣ ፕላስተሩን አልለወጥኩም። ጠዋት ጠዋት ግን ጨርቁን ሳነሳ በጆሯቸው "ኢሲድሮ" እላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ይገልጣሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ለሚጸልዩት ቄስ ስሙን ከሕመምተኞቼ ጋር እሰጥ ነበር። ሥራዬን ከሚጠበቅብኝ በላይ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ ደወል ተደወለ። በሩ ላይ ከሰማንያ ዓመት የሚያልፉ፣ ቀጭን ፊሊፒናዊት አሮጊት ቆመዋል። በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ በፕላስቲክ ዕቃ ይዘዋል። ያመጣቸው መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቃቸዋል።

"ኢሲድሮ እዚህ ነው?" አሉኝ።

የዚያን ስም መኖር ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?

"በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም፣ እናቴ።"

"የግራ ትንሿ ጣቱ ጫፍ የሌላት ሽማግሌ? ኢንተርኔት ላይ ፎቶውን አየሁት። ማንኪያ ይዞ። ያን ጣት ሸንኮራ ስንቆርጥ እኔ ነኝ የቆረጥኩበት።"

"ስለ ሕመምተኛ መናገር አልችልም። ሕግ ነው።"

"ልጄ፣ ሕጉን ተይው። እኔ እኮ ቀብሬዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በገዛ እጄ አፈር አልብሼዋለሁ። በየዓመቱ መቃብሩን ነጭ እቀባለሁ። ዓይን ዓይኔን እያየሽ የለም በይኝ።"

አሁን ሳስበው ይህን የሚል ሰው እህት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። የክርስትና ስሙን የምታውቅ፣ በሕይወት ያለን ሰው ቀብሬዋለሁ የምትል፣ የሚበላ ነገር ይዛ የመጣች ሴት። እናቴ የቆነጠጠችኝ ቦታ አመመኝ። ዓይናቸውን አይቼ "የለም" አልኩ። በሩንም ዘጋሁ።

ዞር ስል ገቨርነሩ ቆመዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ እኔ ድጋፍ ከወንበር ያልተነሱት ሰው ኮሪደሩ መሃል ላይ ብቻቸውን ቆመው በሩን ያያሉ። የመኪናው ድምፅ ራቀ። ያኔ ወደቁ። ድምፅ የሌለው፣ ያ የማውቀው አወዳደቅ።

"ካት" አልኳቸው።

አልተነሱም።

"ካት፣ ገቨርነር። ካት።"

ዓይናቸው ከበሩ ላይ ሳይነሳ፣ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። "ገና ነው" አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋ አልወረዱም። መድኃኒት አቆሙ፣ ውኃ አቆሙ። የምትመጣው ነርስ ቀናት ብቻ ቀርተዋል አለች። ግሬስ ከሥራ ቀርታ ራስጌያቸው ተቀመጠች። "ገቨርነር፣ አባዬ" እያለች ትጠራቸዋለች። አይገልጡም። አርብ ከሰዓት ትንፋሻቸው መራቅ ጀመረ፤ አንዴ ተንፍሰው ረጅም ጊዜ ይቆማሉ፤ አለቀ ስንል ደግሞ ይመለሳል። ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ። እንደዚያ አንድ ነገር እየጠበቀ የሚተነፍስ አላየሁም። ማክሰኞ የመጡት ሴትዮ ነገር ከበደኝ፤ ለግሬስ ነገርኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። "ኢሲድሮ አለች? አንቺስ ምን አልሻት?"

"የለም ብዬ መለስኳቸው።"

ትንፋሿን ለቀቀች። እጄን ያዘችና፣ "በጣም ጥሩ አደረግሽ" አለችኝ።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከቤተሰብ አፍ ያንን ቃል ለመስማት ስሠራ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ስሰማው እጄን ከእጇ አወጣሁ። ጣቱ፣ ጠባሳው፣ ከጀርባ ብቻ የሚታየው ሰው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰለፉልኝ። የነገሩኝ የክርስትና ስም አልነበረም። ስማቸው ነበር።

ግሬስን አልፌ አልጋው ጋ ሄድኩ። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮ ሳይሆን በሙሉ ድምፄ፣ ቤቱ እየሰማ፣ "ኢሲድሮ!" አልኩ።

ዓይናቸው ተገለጠ። እኔን አይተው፣ ከእኔ አልፈው በሩን አዩ። ማንም አልነበረም። አሮጊቷን ከበሩ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

"ኢሲድሮ" አልኩ እንደገና፣ "ካት።"

ፈገግ አሉ። ትንፋሹ ወጣ፤ የሚመለስ መስሎኝ እጃቸውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

የቀብር ድርጅቱ ሰዎች ከወሰዷቸው በኋላ ግሬስ ወጥ ቤት ቆማ ነገረችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአባቷ ልብ ሆቴል ውስጥ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ እናቷ፣ የፓርቲው ሰዎችና ምትክ የሆነው ኢሲድሮ ነበሩ። ሕዝቡ ውጭ የአባቷን ስም እየጠራ ነው። "ሁለት ሳምንት ብቻ" አሉት፤ ኮቱን አልብሰው ሰገነት ላይ አወጡት። እጁን አውለበለበ። አባቷ በታሸገ ሳጥን፣ በኢሲድሮ ስም፣ ወደ ኢሲድሮ መንደር ተላኩ።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያ አሸነፈ። ሁላችንም ሌላው ሰው በቃ ይለዋል ብለን ጠበቅን። ማንም ካት አላለውም።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "ፀጉሬን የሚጎነጉንልኝ እሱ ነበር፣ ታውቂያለሽ? እውነተኛው አባቴ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። ብናገር አባት የለኝም ማለት ነው። ሁለቱም የሉኝም።"

ልቆጣት አልቻልኩም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን እትዬ ለተብርሃን ጋ ሄድኩ። አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አዲሰን አንድ አፓርትመንት ውስጥ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው ይኖራሉ። ሁሉንም ሰሙኝ።

"ደፍ ላይ ቆመሽ ጠየቅሽው?"

"ልጅቱ ነገረችኝ፣ እትዬ።"

"ልጅቱ ነበረች የምትታጠበው?"

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ብትጠይቂው ያን ቀን አይነግርሽም ነበር፤ ፈርቶ" አሉኝ። "ፕላስተሩ ግን ባዶ ይሆን ነበር። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ይጠይቃል። አንቺ ሞላሽው።" ከዚያ አለቀስኩ። ትኩስ ነገር አፍልተው ሰጡኝ።

በቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ የድሮ ፊልሞቻቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ጀግናችን እያሉ አለቀሱ። አሮጊቷ በመጨረሻው ረድፍ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሄጄ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ያዙኝ። ሲያልቅ ግራንድ ፕሬሪ የእህታቸው ልጅ ቤት በመኪናዬ አደረስኳቸው፤ ድሮ ካርቶን የምለጥፍበትን መጋዘን አልፈን። ፓርክ ካደረግሁ በኋላ ነው የተናገሩት።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስሙ የጠራው ሰው አለ?"

ሕጉን አሰብኩ። የራሴን ብቻ መናገር እንደምችል ወሰንኩ። "እኔ እጠራቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ቀስ ብዬ። ቤተ ክርስቲያንም ስማቸውን ለጸሎት እሰጥ ነበር።"

"ይመልስልሽ ነበር?"

"ዓይናቸውን ይገልጡልኝ ነበር።"

የሩዝ ኬኩን ዕቃ ከቦርሳቸው አወጡ፤ አዲስ የተሠራ ነው። "እሱ ይወደው ነበር" ብለው ጭኔ ላይ አኖሩት። የመኪናዬን በር ዘግተው የሸኙኝ እኔ የዘጋሁባቸውን ያህል እንኳን ሳይቆጡ ነው።

ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የተዋናዩ ስም ነው። ወር ሳይሞላው ሄጄ ከሥሩ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ በአማርኛ ፊደል "ኢሲድሮ" ብዬ። ማንም አያነበውም፣ ማንንም አይጎዳም። የቴክሳስ ፀሐይና ዝናብ ይልጠዋል፤ እኔ እየሄድኩ እለውጠዋለሁ። ሦስት ጊዜ ለውጫለሁ።

ይህንን ጽሑፍ ስጀምር ለአሮጊቷ ደወልኩላቸው፤ ወዲያው "ስሙን ጻፊው" አሉኝ። ለግሬስም ቴክስት ላክሁላት፤ ስሙን ልጻፈው ወይ ብዬ። አልመለሰችልኝም። ሁለት ሳምንት ጠብቄ፣ መልሷ እምቢ መሆኑን ተቀብዬ፣ ስሙን ከጽሑፉ አወጣሁትና ባለፈው ቅዳሜ መቃብሩ ጋ ፕላስተሩን ልለውጥ ሄድኩ።

ፕላስተሩ አዲስ ነበር። እኔ አልለጠፍኩትም። ፊደሎቹ የአማርኛ ናቸው፤ ግን ፊደል የማያውቅ ሰው እንደ ሥዕል እያየ የገለበጣቸው፤ አንዷ እግሯ ወደ ውጭ ተጣሟል፣ አንዷ ተጋድማለች። ከሥሩ፣ በሌላ መስመር፣ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ ተጨምሮበታል፤ "አባዬ" የሚል።

የራሴን ፕላስተር ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። እቤቴ ስገባ ስሙን ወደ ቦታው መልሼ ጻፍኩት።